ከጋሼ ሙላት አንገት ያነሣሁት ድንጋይ

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ፣ ጧት

ጉልበቴ ዛሬ ደኅና ነው። ድልድዩን ተሻግሬ እስከ ሐይቁ ዳር ሮጥሁ፣ መሮጥ ከተባለ። ድሮ ለማሞቂያ የምሮጠው ዛሬ ዋናው ሥራ ሆኗል። ላብ ጥሩ። ትንፋሽ ጥሩ። ሞተሩ ግን ዛሬም ነበር።

ቀይ ሞተር ነው። ነጂው ሄልሜቱን አያወልቅም። ከድልድዩ ወዲህ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ሳልፍ ያስነሣል፣ ከኋላዬ በእኔ እርምጃ ልክ ይነዳል። አይቀድመኝም፣ አይቀርልኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላዬ ኮቴ ስሰማ ፍጥነት እጨምር ነበር። አሁን የሚጨመር የለኝም። ቆምሁና የጫማዬን ክር የማሥር መሰልሁ። እሱም ቆመ። ፈትቼ አሠርሁ፣ ደግሞ ፈትቼ አሠርሁ። ፈራሁ። እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ፈራሁ።

ለማ. አልነገርኋትም። ማህሌት ልጄ፣ ፋርማሲ የምትሠራዋ፣ ሁለታችን ብቻ ነን በዚህ ቤት። ብነግራት ሩጫሽን ተዪ ነው የምትለኝ። አንቺ ወረቀት ስለሆንሽ አትቆጪኝም። ለዚህ ነው የምወድሽ።

ጥቅምት 5፣ ሐሙስ

መጥሪያው መጣ። ረቡዕ ጥቅምት 25፣ ፍ/ቤት፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ወ/ሮ ደብሪቱ። ስሜ በትልቁ ተጽፏል። ያመጣው ፖሊስ ልጅ እግር ነው፤ አባቱ ሩጫዬን ሲያደንቅ ነው የኖረው አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ በር ዘግተው ይቀመጡ አለ። ፖሊሱ በር ዝጊ ካለኝ እኔ ማንን ልጥራ!

መስከረም ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ ላንቺ አልጻፍሁልሽም። ለፖሊስ ተናግሬው ለወረቀት መፍራቴ ይገርማል። ልጻፈው።

ጎሕ ሲቀድ ነው። እንደ ልማዴ በሐይቁ ዳር እየሮጥሁ ነው። ወይጦዎቹ የሚኖሩበት ስደርስ ቤንዚን ሸተተኝ። ቤቶቻቸው ደንገል ናቸው፣ ከውኃው ጠርዝ። አንድ ሰው ከጄሪካን ያርከፈክፍባቸዋል። ሁለት ሌሎች ፊታቸውን ሸፍነው ቆመዋል። እሱ አልሸፈነም። በዚህ ሰዓት ማን ያየኛል ብሎ። ክብሪት ሲጭር ፊቱ በራ። ታምሩ ነው። የድሮ አሠልጣኜ የጋሼ ሙላት ልጅ፣ ክርስትና ሲነሣ ያቀፍሁት ልጅ። ጮህሁ። ሰው ተንጋግቶ ወጣ። ደንገል ሲነድ ጊዜ አይሰጥም። የዘሃራ እናት ዓይናቸው አያይም ነበር፤ ዘሃራ ጎትታ አወጣቻቸው፣ ግን በጣም ተቃጥለው ነበር፣ ሆስፒታል ትንሽ ሰንብተው ሞቱ።

ቦታው ለሎጅ ተፈልጓል። ታምሩ ከሸሪኮቹ አንዱ ነው። ልቀቁ ቢሏቸው እምቢ ብለው ነበር።

አሁን ታምሩ ታስሯል። ፊቱን ያየ ከእኔ በቀር ማንም የለም። ዘሃራ እንኳ እናቷን ስትጎትት ምኑን ልታይ። እኔ ከቀረሁ ይወጣል፣ ቦታውም ይወሰዳል፣ የሽማግሊቱም ደም ውኃ ሆኖ ይቀራል። ነገሩ ይኸው ነው።

ጥቅምት 6፣ ዓርብ

ከዘ. ዘንድ ዋልሁ። በሸራ ተጠልለዋል። እሷ ደንገል ታጭዳለች፣ አዲስ ቤት ልትሠራ፣ እዚያው አመዱ ላይ። አብደሻል አልኋት።

«የት ልሂድ ደብሬ? አንቺ ዓባይ ማዶ አለሽ። እኔ ያለኝ ይኼ ውኃ ነው» አለች። ማጨዷን ቀጠለች።

እንዴት እንደተዋወቅን ጽፌልሽ አላውቅም። በሩጫ ነው። ሁለታችንም ገና ልጆች፣ ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ተመልምለን። በካምፑ ሁላችን ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ ለዘሃራ ለብቻዋ በቆርቆሮ ሳህን ይቀርብላታል። ሳህኑ ከሌላው ዕቃ ጋር አይታጠብም፣ ውጭ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። የነገደ ወይጦ ልጅ ናትና። የሥጋ ሰበብ እንኳ የለም፣ ሽሮ ነው የምንበላው። እኔ የደብተራ ልጅ ነኝ፣ እቤታችንም ያው ነበር፣ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ግን ያን ዕለት በልምምድ ቀድማኝ ገባች። እኔን የቀደመች ልጅ ሳህኗ ውጭ መሰቀሉ አናደደኝ። ለጽድቅ እንዳይመስልሽ፣ በእልህ ነው። ተነሥቼ ከእሷ ሳህን በላሁ። ትሪው ዙሪያ ያሉት እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ከዚያ ወዲያ ከእኔም ጋር አልበላም አሉ። አሠልጣኛችን ጋሼ ሙላት ነበሩ። መጡ፣ አዩን፣ ምንም ሳይሉ ቁጭ ብለው ከሳህኑ ቆርሰው ጎረሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ ከአባቴ እኩል ናቸው።

ሜዳልያው ከዚያ በኋላ መጣ። ደግሞም ሄደ። የእነ ዘ. ልጆች ት/ቤት ይግቡ ብዬ በሬዲዮ ብናገር ከቡድኑ ቀነሱኝ። ዘ. ከእኔም ቀድማ ተቀንሳለች። ከዚያ ውኃ ይግባላቸው፣ መሬታቸው ይለካላቸው፣ ከቢሮ ቢሮ ስል ይኸው ጠጉሬ ሸበተ። ሰፈር ውስጥ የወይጦ ጠበቃ ይሉኛል፣ ለስድብ። ጠበቃ ብሆንማ ደመወዝ ይኖረኝ ነበር።

ያኔ አልፈራም ነበር። ስድብ ምን ያደርጋል። አሁን ግን የሚሰድበኝ የለም፤ ዝም ብሎ የሚከተለኝ ነው ያለው።

ጥቅምት 8፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከበራችን ሥር ክብሪት። አንድ ቀፎ ክብሪት፣ አዲስ፣ ገና ያልተከፈተ፣ በሥርዓት ተቀምጧል። ሌላ ምንም የለም። ማ. ማን ጥሎት ነው ብላ አነሣችው። ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ።

ከዚያማ ሁሉንም ነገርኋት። ሞተሩንም። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። አጠገቤ ተቀመጠችና፦ «እማዬ፣ አንቺ ለሰው ስትሮጪ እኔ ነኝ ቤት የምጠብቅ። ከልጅነቴ ጀምሮ» አለች። እውነቷን ነው።

ክብሪቱን የት እንደማደርገው ጨነቀኝ። ምድጃ አጠገብ ማኖር አስጠላኝ። ቧንቧ ሥር አረጠብሁትና ጣልሁት።

ጥቅምት 10፣ ማክሰኞ

አልሮጥሁም። ዛሬም። ታምሜ ካልሆነ በቀር ቀርቼ አላውቅም፤ አሁን ደኅና ሆኜ ቀረሁ። ከአልጋዬ ሳልነሣ የልቤን ምት በጣቴ ያዝሁት። ተኝቼ ኮረብታ የምወጣ ያህል ይመታል። ጆሮዬ ከመንገድ ነው። ባጃጅ ሲያልፍ፣ ሞተር ሲያልፍ፣ ሁሉም ወደኔ የሚመጣ ይመስለኛል። ጎረቤት በር ሲያንኳኳ ድስቱ ከእጄ ወደቀ። በርበሬ ልትበደር ነው የመጣችው፣ ምስኪን። ስላስደነገጠችኝ እሷ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ስንት ሺህ ሰው እያየኝ ሮጫለሁ። አሁን መጋረጃ መግለጥ አቃተኝ። ሳቂብኝ።

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

ጉድ ሠራሁ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ረፋዱ ላይ ሽማግሌዎች መጡ። ከፊት አባ ፈንታ፣ የነፍስ አባቴ፣ መስቀላቸውን ይዘው። ማ. ሥራ ሄዳለች። በሩን ስከፍት ከኋላቸው ጋሼ ሙላት ቆመዋል። አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል።

ትልቅ ድንጋይ። በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ ጎብጠው፣ ባዶ እግራቸውን። ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው። «ይማሩኝ» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አንቺ ሲሉኝ የኖሩ ሰው አንቱ አሉኝ!

አባ ፈንታ ንግግር ጀመሩ። ስለ ሚካኤል ብለሽ፣ ስለዚህ ሽበት ብለሽ፣ አባት ልጁን ቢያጣ። አልሰማኋቸውም። የማየው የጋሼን አንገት ነው። ጅማታቸው ተገትሯል፣ ጉልበታቸው ይርገደገዳል። ጉልበት ሊከዳ ሲል ሯጭ ያውቃል። ሊወድቁ ነው። ዘልዬ ድንጋዩን ከአንገታቸው አነሣሁት፣ መሬት ላይ አኖርሁት። ይኸው ነው የሠራሁት። ይቅር አላልሁም። አንድ ቃል አልወጣኝም። ሽማግሌ እንዳይወድቅ ነው ያነሣሁት!

ድንጋዩ ገና ከእጄ ሳይወርድ አባ ፈንታ ይቅር ለእግዚአብሔር አሉ። ሌሎቹ ተቀበሏቸው። አቡነ ዘበሰማያት ተደገመ። ጋሼ እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዝኋቸው፣ እሳቸው አለቀሱ፣ እኔም አለቀስሁ። መረቁኝ። ሄዱ።

በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። በእኛ አገር ድንጋዩን ያነሣ ሰው ይቅር ብሏል። ቃል መጨመር አያስፈልገውም። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ይቅር ያለ ሰው ደግሞ ፍ/ቤት ቆሞ አይመሰክርም፤ ቢመሰክር እርቅ አፍራሽ ነው፣ ከአገር የተቆረጠ ነው። እኔው በገዛ እጄ አፌን ዘጋሁ።

ድንጋዩ ግቢ ውስጥ አለ። ማ. ስትመጣ ምን እላታለሁ?

ጥቅምት 13፣ ዓርብ

ማ. ደስ አላት። እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ተመስገን፣ በሰላም አለቀ አለች። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሷል። ባለሱቁ እንኳን ደስ ያለዎ አለኝ። ለዓመታት ፊቷን የምታዞርብኝ ጎረቤት ሳመችኝ።

ሮጥሁ። ሞተሩ የለም። ከድልድዩ ወዲህም ወዲያም የለም። ውኃው ጸጥ ብሏል፣ ታንኳዎች ወጥተዋል። ማፈሬን ልጻፍልሽ፦ ደስ አለኝ። እንቅልፍም ወሰደኝ። ለስንት ቀን ያጣሁት እንቅልፍ።

ከዘ. ዘንድ ግን አልደረስሁም። ከመታጠፊያው ተመለስሁ። ጉልበቴን አሞኛል አልሁ ለራሴ። ጉልበቴን አላመመኝም።

ጥቅምት 16፣ ሰኞ

ሄድሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ዘ. የቤቱን ማገር እያሠረች ነው። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሰላምታ ሰጠሁ። በአፏ ጫፍ መለሰች። ደንገል ላቀብላት ብል ከእጄ ተቀበለች እንጂ አላየችኝም። ብትጮህብኝ ደስ ባለኝ። በመጨረሻ ነገሩን ልነግራት ጀመርሁ፣ ሊወድቁ ነበር፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ሳላስበው ነው። አቋረጠችኝ።

«ድንጋዩን ለማን ተሸከሙት?»

ለኔ አልኋት።

«የሞተችው የማን እናት ናት?»

ወላሂ አልቀየምሽም አለችኝ፣ ጋሼንም አልቀየምም፣ ብቻ እናቴን ከመቃብር አውጥቼ ማን ልበላት፣ የማን ሟች ናት ልበል? ሌላ አልተናገረችም። እኔም ተነሥቼ መጣሁ።

አስተውለሽዋል? እኔ አላስተዋልሁትም ነበር። ደም ሲፈስ ድንጋይ የሚወሰደው ለሟች ወገን ነው። ለዘሃራ ነበር መሄድ ያለበት፣ እዚያ ሸራ ሥር። ሽማግሌዎቹ ግን ወደኔ መጡ። እኔ ሰው ነኝና። እነሱ ዘንድ እርቅ በሰው መካከል ነው፣ ዘሃራ ደግሞ ከሰው አልተቆጠረችም። እኔም ስንት ዘመን ስለ እሷ ስጮህ ኖሬ፣ ድንጋዩን ሳነሣ እንደነሱ ረሳኋት። ይኼ ነው ያቃጠለኝ።

ጥቅምት 17፣ ማክሰኞ

አባ ፈንታን ሄጄ አነጋገርሁ። እርቁ እርቅ አይደለም አልኋቸው፣ ድንጋዩ ወደማይገባው ቤት ነው የመጣ። ፈገግ አሉ። ልጄ፣ የተነሣ ድንጋይ ተመልሶ አይጫንም አሉ። ታዲያ ለዘሃራ ሌላ ድንጋይ ይወሰድላት ብል ፈገግታው ጠፋ። እነሱ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው አሉ፣ እኛን አያገባንም።

እመሰክራለሁ አልሁ። አፌ አመለጠኝ፣ ገና ወስኜ እንኳ አልነበረም።

እርቅ ካፈረስሽ የነፍስ አባትሽ አይደለሁም አሉ። ከእኔ ፍትሐት እንዳትጠብቂ አሉ። በቁጣ ቢሉት እችለው ነበር። በኀዘን ነው ያሉት። የደብተራ ልጅ ነኝ፤ ያለ ፍትሐት መቀበር ምን እንደሆነ ከጡት ጋር ነው የተማርሁት። ከቅጥሩ ስወጣ ደጁን መሳለም ረሳሁ።

ጥቅምት 18፣ ረቡዕ

ሞተሩ ተመለሰ። አባ ፈንታ ለማን እንደነገሩ አላውቅም። ከድልድዩ ወዲህ፣ ያው ቦታ። ዛሬ ልከተልሽ አላለም። ሳልፍ ብቻ እጁን አንሥቶ ሰላም አለኝ። እንደ ወዳጅ።

ጥቅምት 19፣ ሐሙስ

ጋሼ ሙላትን አገኘኋቸው። ከድሮው ሜዳ፣ የማታ ፀሐይ የሚሞቁበት። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ሰላምታው ረዘመ፣ ሁለታችንም ወደ ነገሩ መግባት ፈራን። በኋላ ጠየቅኋቸው። ለዘሃራ ለምን አልተሸከሙም? እርስዎ እኮ ከእሷ ሳህን የበሉ ሰው ነዎት።

መሬት መሬት አዩ።

«ብቻዬን ብሆን እሄድ ነበር ደብሬ። ሽማግሌ ግን ማን ይከተለኛል? ወይጦ ቤት ድንጋይ ተሸክሞ የሄደ ማን አለ?» አሉ። ቀጥለውም፦ «ልጄ ነው። አንድ ነው ያለኝ። አጥፍቷል። አውቃለሁ። ግን አንድ ነው።»

እንዲሉኝ የፈለግሁት ይህን አልነበረም፤ ውሸት ነው፣ አላደረገውም እንዲሉኝ ነበር የምፈልገው። እንድቆጣቸው። አላሉም። እጃቸውን ሳምሁ። ስንለያይ አታድርጊው አሉኝ፤ እኔ ብሞት ይሻላል አሉ። እንደ አባቴ ናቸው። እወዳቸዋለሁ።

ጥቅምት 21፣ ቅዳሜ

የሞተሩ ሰው ማ. ፋርማሲ ገባ።

ሄልሜቱን አውልቆ። ቁመናው ያማረ ልጅ ነው አለችኝ፣ ትሑት። የቃጠሎ ቅባት ጠየቃት። ሰጠችው። ከፈለ። ከዚያ ቅባቱን መልሶ ወደ እሷ ገፋ አደረገና «ለእናትሽ ነው» ብሏት ወጣ።

ቅባቱን ይዛው መጥታለች። ጠረጴዛ ላይ አለ። ሁለታችንም አንነካውም። አታለቅስም። እጆቿን ብቻ ደጋግማ ትታጠባለች።

ለራሴ መፍራት አንድ ነገር ነው። ለልጅ መፍራት ሌላ ነው። ይሄኛው ይቆራርጣል። በቃኝ። ዘሃራ ትቀየመኝ፣ እግዜርም ይቀየመኝ። መራዊ እህቴ ዘንድ እንሄዳለን፣ ረቡዕ እስኪያልፍ። ማ. እሺ አለች። እሺ ስትል ፊቷን አየሁ። ደስ ያላት አልመሰለኝም፣ ግን እሺ አለች።

ጥቅምት 23፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

መራዊ አልሄድሁም። እንዲህ ሆነ።

ማ. ፈቃድ ጨርሳ ማታ ልትከተለኝ ነበር። እኔ ቀድሜ መነኻሪያ ወረድሁ። መስኮት ዳር ያዝሁ፣ ቦርሳዬን አቀፍሁ። ረዳቱ መራዊ መራዊ እያለ ይጮኻል። ሞተሩ አልተከተለኝም። ለምን ይከተለኛል፣ የፈለጉትን እያደረግሁላቸው።

አጠገቤ ሴትዮ ተቀመጠች፣ ደልደል ያለች፣ ደግ ፊት። ለየችኝ። ሯጯ አይደለሽ? እርቁን ሰምታለች። እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ፣ የክርስቲያን ወግ አለችኝ። ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። ተቀበልሁ። ጎረስሁ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችና፦

«ደግሞስ ምን ተረፈ፣ ሰው አልሞተ። ወይጦ ናት አሉ» አለችኝ።

በክፋት አይደለም። ልታጽናናኝ ነው። ብርቱካኑን ከአፌ አወጣሁት። የዘ. እናት ረጋ ያለ ድምፅ ነበራቸው፣ በኮቴዬ ይለዩኝ ነበር፣ መጣሽ ደብሬ ይሉኝ ነበር ገና ሳልደርስ። ሰው አልሞተም!

ወራጅ አለ አልሁ። ረዳቱ ገና መቼ ተነሣንና አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። ሴትዮዋ ምን ሆንሽ እህቴ፣ አመመሽ? ትለኛለች። ወረድሁ። ከመነኻሪያው እስከ ቤት በእግሬ መጣሁ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስልሽ። መንገዱን ሁሉ ዞር ዞር እያልሁ ነው የመጣሁት።

ጥቅምት 24፣ ማክሰኞ

ለማ. ነገርኋት። ነገ እገባለሁ። አንቺ ግን መራዊ ሂጂ። አልሄድም አለች። ጮህሁባት። ጮኸችብኝ። እንዲህ ተጯጩኸን አናውቅም። ኋላ ላይ ሁለታችንም ደከመን፣ ተቀመጥን፣ ከአንድ ሳህን በላን። ሲመሽ ያንን ቅባት አንሥታ ቆሻሻ ውስጥ ጨመረችው። አብሬሽ እገባለሁ አለች፣ ሁለተኛ ቤት አልጠብቅም።

ለዘ. ሰው ላክሁላት። ነገ አለሁ በይልኝ ብዬ። መልሷ መጣ፦ እኔም አለሁ፣ ከበሩ እጠብቅሻለሁ፣ ብትቀሪም አልፈርድብሽም።

ይህ የመጨረሻው ነው የከበደኝ። ብትፈርድብኝ ይቀለኝ ነበር።

ፈርቻለሁ። ነገም እፈራለሁ። ፍርሃቱ ይለቀኛል ብዬ ስጠብቅ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት፤ አይለቅም። ከእነ ፍርሃቴ ነው የምሄድ። ነጠላዬ ታጥቧል። መታወቂያ፣ መጥሪያ። ልክ እንደ ውድድር ዋዜማ ነው፣ ግን ውድድር ላይ የሚገድልሽ የለም።

ጥቅምት 25፣ ረቡዕ፣ ጧት

ማ. በሩን ከፈተችና ወዲያው ዘጋችው። ፊቷ አመድ መስሏል። እማዬ ነይ እዪ አለች።

ጋሼ ሙላት ደጃፋችን ላይ ተኝተዋል። ከመድረኩ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በጎናቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አናውቅም። ጋቢው ጤዛ ይዟል። ቢቆሙ በጎን አልፋቸው ነበር። ቢቀመጡ አቅፌ አነሣቸው ነበር። ተኝተዋል። ለመውጣት እሳቸውን መራመድ አለብኝ። አባት የሆነኝን ሽማግሌ መራመድ! ውሻ እንኳ የተኛ ሰው ሲያገኝ ዞሮ ይሄዳል። ያውቁኛል። ይህን እንደማላደርገው ከማንም በላይ ያውቃሉ።

በበሩ ስንጥቅ ጋሼ ይነሡልኝ አልሁ። ዝም። ብርዱ ይጎዳዎታል፣ ይግቡ፣ እሳት ይሙቁ አልሁ። ዝም። ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ከማዶ ደግሞ የሞተር ድምፅ፣ ቆሞ የሚንተከተክ።

ማ. በጓሮ እንውጣ አለች። የጎረቤት አጥር ዝቅ ያለ ነው፣ ወንበር ብንጨምርበት እንወጣለን። ልቤ ወደዚያ አለች። በጓሮ ብወጣ ማንንም አልራመድም፣ ሞተሩም አያየኝ። ወንበሩን እኔው ራሴ እስከ ጓሮ ተሸክሜው ሄድሁ። አጥሩ ሥር አኖርሁት። አንድ እግሬን ሰቀልሁ።

ወረድሁ። ተመለስሁ። ይኸው ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ፣ ጫማዬን አጥልቄ።

ወሰንሁ። በጓሮ የወጣ ሰው ሌባ ነው፤ እኔ ያየሁትን ልናገር ነው የምሄድ። በፊት ለፊት ነው የምወጣ። አንድ ጊዜ ደግሜ ይነሡልኝ እላቸዋለሁ፣ በስማቸው፣ ሁሉም እየሰማ። ከተነሡ እጃቸውን ይዤ አብረን እንሂድ እላቸዋለሁ። ካልተነሡ እሻገራቸዋለሁ። ልብሴም ሳይነካቸው፣ እግሬን ከፍ አድርጌ። አባ ፈንታ ያውግዙኝ። አገር ይትፋኝ። ልጅዎን አየሁት ጋሼ፤ እወድዎታለሁ፣ ግን አየሁት።

ማ. መቀርቀሪያውን ይዛ ታየኛለች። ክፈቺው አልኋት። ስመለስ የቀረውን እጽፍልሻለሁ።